«ቁም!» ያለው ልጅ

ባለፈው ክረምት ታላቅ እኅቴ ወገቧን ታማ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ስንመላለስ ከረምን። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ኤም.አር.አይ. አዘዘላት። እኅቴ ይህንን ለጎረቤት ስታወራ «ትልቁን ራጅ አዘዙልኝ» ነው ያለችው። አላረምኳትም። እኔም በልቤ ያው ትልቅ ራጅ ነው ብዬ ነበርና።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ደረስን። የሐኪም ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቤት አይደለም። ካርድ ክፍል ያለው ወጣት አንድ ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ የታተመ ፎርም አወጣና እስክሪብቶውን እንደያዘ «ማዘር፣ ብረት ነገር ይዘዋል?» ብሎ ጠየቃት። እኅቴ ሳቀች። «ምን ብረት አለኝ ልጄ! እኔ አርበኛ ነኝ እንዴ?» አለችው። ልጁም ሳቀ። ሃያ ምናምን ጥያቄ የተደረደረበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች «የለም፣ የለም፣ የለም» እያለ ምልክት አደረገበትና እኔን አስፈረመኝ። እኔም ያለ ንባብ ፈረምኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ተማሪዎቼን «ሳታነቡ አስተያየት አትስጡ» ስል የኖርኩ ሰው!

ወደ ውስጥ ስንገባ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ፣ ገና ፂሙ በቅጡ ያላበቀለ የማሽኑ ባለሙያ እኅቴን ለብቻዋ ወንበር ላይ አስቀመጣትና እንደገና ይጠይቃት ጀመር። «ሻሽዎን ይፍቱልኝ እማማ።» ከሻሹ ሥር አራት የፀጉር መርፌ ወጣ። ከቀሚሷ ደረት ላይ መርፌ ቁልፍ ወጣ። ከመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሮ የሳጥኗ ቁልፍ ወጣ። እኅቴ ግን አልዋሸችም። በእሷ አማርኛ «ብረት ይዘሻል?» ማለት «መሣሪያ ታጥቀሻል?» ማለት ነው። ቁልፍ ቁልፍ ነው፤ መርፌም መርፌ ነው እንጂ ብረት አይደለም።

ዋናው ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የእኅቴን ተራ እየጠበቅን ሳለ ከእኛ በፊት የገቡ አንዲት አሮጊት ምርመራቸው አልቆ የትልቁ ክፍል በር ተከፈተ። ኮሪደሩ ላይ ሲንቆራጠጥ የቆየ ልጃቸው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው፣ እናቱ ከውስጥ ሲያቃስቱ ሰማ። ግድግዳው ሥር የቆመውን ተሽከርካሪ ወንበር ያዘና ወደ በሩ ገፋ። ባለሙያው ልጅ ከየት እንደመጣ አላየሁትም፤ «ቁም!» ብሎ ጮኸና ሰውየውን በደረቱ ገፍቶ አስቆመው። ወንበሩ ወደ ጎን ተንሸራተተ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ? እናቴን ልደግፍ እኮ ነው!» አለ ሰውየው። ጩኸቱን የሰማ አለቃ መጣ። ጉዳዩን እንኳ አልጠየቀም። ሰውየውን በትከሻው አቅፎ ወደ ቢሮው እየወሰደ፣ ልጁን ዞር ብሎ «ሰው እንዲህ ነው የሚስተናገደው? ይቅርታ ጠይቅ!» አለው። ልጁ «ይቅርታ ጋሼ» አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። እኔም፣ መደበቅ አልፈልግም፣ «ደግ አደረገ አለቃው፣ የዛሬ ልጆች ለትልቅ ሰው ክብር የላቸውም» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ያልነበበ ፎርም መፈረሜ ሲቆረቁረኝ፣ ስለዚህ ማሽን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቀን የጀመርኩት ንባብ ሳምንት ወሰደ። ዛሬ የምጽፈው የዚያ ሳምንት ውጤት ነው። ልጁን መልሼ ስላላገኘሁት፣ ቢያንስ ለአንባቢ ልንገር ብዬ ነው።

በመጀመሪያ «ትልቁ ራጅ» የሚለውን ስም እንየው። ስም ትልቅ ነገር ነው። ራጅ የሚጎዳው ጨረሩ ሲለቀቅ ብቻ ነው። ባለሙያው ቁልፍ ሲጫን ይተኩሳል፣ እጁን ሲያነሣ ያቆማል። ሰዉ ሁሉ ይህንን ስለሚያውቅ «አሁን እያነሣ አይደለም፣ ልግባ» ይላል። ኤም.አር.አይ. ግን የራጅ ዘመድ አይደለም። ጨረሩም የለበትም። ከፍተኛ ኃይል ያለው ማግኔትና የራዲዮ ሞገድ ነው የሚጠቀመው። ለዚህ ሥራ ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በአብዛኞቹ ሐኪም ቤቶች የሚገኘው ማሽን ጉልበቱ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። 1.5 ቴስላ ማለት ኮምፓስ የምታዞረው የመሬት ማግኔት ሠላሳ ሺህ ጊዜ ያህል ተባዝቶ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ማግኔቱ አይጠፋም። በሽተኛ ባይኖርም፣ ድምፁ ባይሰማም፣ ሠራተኛው ምሳ ቢወጣም፣ ሌሊትም ሆነ እሑድ፣ መብራት እንኳ ቢሄድ፣ ማግኔቱ አለ። ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ሂሊየም የተነከረው ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ያለ ተቃውሞ ይዞራል፤ አንዴ ከተሞላ አዲስ ጉልበት አይፈልግም። በአስቸኳይ ማጥፋት የሚቻለው ሂሊየሙን በማስተንፈስ ነው። ያም ቢሆን ማግኔቱ ወዲያው አይሞትም፣ ከደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። ፈሳሹ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ መጠኑ ከ700 ጊዜ በላይ ስለሚያብጥ፣ የሚወጣበት ቧንቧ ከተበላሸ ክፍሉን ሞልቶ አየር ያሳጣል። ደግሞ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ «ችግር ከመጣ ያጠፉታል» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

የማግኔቱ ሌላው ተንኮል አለማስጠንቀቁ ነው። እሳት ሲቀርቡት ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ገደል ከሩቅ ይታያል። ይህ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም። በሩ ላይ የቆመ ሰው በእጁ የያዘው ብረት ምንም አይሰማውም። ጥቂት እርምጃ ሲጨምር ጉልበቱ በድንገት ይገዝፍና ብረቱ ከእጁ ይነጠቃል። «ሲስበኝ እመለሳለሁ» ማለት የለም። ሲስብ አልቋል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 በኒውዮርክ ግዛት ዌስትቸስተር በሚባል ትልቅ የሕክምና ማዕከል የስድስት ዓመት ልጅ እዚህ ማሽን ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ለክትትል ነው የመጣው። እንዳይንቀሳቀስ መድኃኒት ተሰጥቶት ተኝቷል። በመሐል ኦክስጅኑ አነሰ፤ ከግድግዳው የሚመጣው መስመር አልሠራ አለ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ኦክስጅን ብሎ ተጣራ። በአካባቢው የነበረች ነርስ ጥሪውን ሰምታ የኦክስጅን ሲሊንደር አቀበለች። ሲሊንደሩ የብረት ነበር። ማሽኑ ነጥቆ ወደ መሐሉ ወሰደው፤ በመሐሉ የሕፃኑ ራስ ነበር። ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚህ በኋላ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ባለሙያዎችን ሰብስቦ በ2002 ዓ.ም. እንደ እነርሱ አቆጣጠር አንድ መመሪያ አወጣ። ዋና አዘጋጁ ኢማኑኤል ካናል የተባሉ ሐኪም ናቸው። መመሪያው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሷል፤ ዛሬ በብዙ አገር የዚህ ሥራ መነሻ ሆኗል። እኔ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩና ያነበብኩት እንደ አንድ ድርሰት ነው። የሚገርመው ጥሩ ድርሰት ሆኖ አገኘሁት።

መመሪያው ቦታውን በአራት ቀጠና ይከፍለዋል። ቀጠና አንድ ማንም የሚገባበት ነው፤ መንገዱ፣ ግቢው፣ መጠበቂያው። ቀጠና ሁለት በሽተኛው የሚጠየቅበት፣ ልብሱን የሚለውጥበት፣ በባለሙያ ዓይን ሥር የሚቆይበት ነው። ቀጠና ሦስት የመቆጣጠሪያው ክፍልና አካባቢው ነው፤ በቁልፍ የተዘጋ፣ የሠለጠነ ሰው ብቻ በነፃ የሚገባበት፣ ሌላው በአጃቢ እንጂ ለብቻው የማይንቀሳቀስበት። ቀጠና አራት ማግኔቱ ያለበት ክፍል ነው። አራተኛው ሁልጊዜ በሦስተኛው ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ከመንገድ ተነሥቶ በቀጥታ ማግኔቱ ላይ መድረስ አይቻልም ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያንን አሠራር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ የሚለውን ሥርዓት ሕፃን ሆኖ የተማረ ሰው «እስከዚህ ድረስ ሁሉም፣ ከዚህ ወዲያ የተዘጋጀ ብቻ» ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሚኒስትርም ቢሆን መቅደስ ዘው አይልም። ዲያቆኑ ቢከለክለው «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አይልም።

ከመመሪያው ውስጥ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ያሰመርኩባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛው በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ለቀጠና ሦስት በር አይመከርም ይላል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሳይታሰብ ከሰው ሰው እየተላለፈ ይዛመታል። ይህንን የጻፈ ሰው መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር ያውቃል! ሁለተኛው፣ ለድንገተኛ ያልሆነ በሽተኛ ማጣሪያው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደረግ ይላል። የእኅቴን የሳጥን ቁልፍ ያወጣው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሦስተኛው፣ በሽተኛው ልቡ ቢቆም እንኳ ሕክምናው ማግኔቱ ሥር አይካሄድም፤ ደረቱን እየተጫኑ ወደ ውጭ ያወጡታል እንጂ የሚረዱት ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ እሱ አይጎርፉም። አራተኛውና ለእኔ ዋናው ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው ወደ ቀጠና ሦስት በነፃ እንዳይገባ የሚከለክለው አንቀጽ ነው። ምንም ልዩነት አይደረግም ይልና ይዘረዝራል፤ የሆስፒታል አስተዳዳሪም፣ ሐኪምም፣ ጥበቃም።

እስቲ ይህንን አንድ ጊዜ በእኛ አገር መነጽር እናንብበው። በዚያ በር ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ያነሰ ደመወዝ የሚበላ፣ ከአስተዳዳሪው በታች ያለ፣ በዕድሜም ልጅ የሆነ ሰው ነው። መመሪያው ለዚህ ሰው የሚለው «አለቃህን አስቁም» ነው። ፕሮፌሰሩን አስቁም፣ ፖሊሱን አስቁም፣ የከንቲባውን ወንድም አስቁም። የመመሪያው ወሳኝ ነገር ከቀለሙና ከመቆለፊያው ይልቅ ይህ ነው። ከበር ውጭ ትልቅና ትንሽ አለ፤ ማግኔቱ ግን ማዕረግ አያውቅም፤ ስለዚህ በሩም ማዕረግ ማወቅ የለበትም።

እኛ ደግሞ በር ላይ ያለን ልማድ ሌላ ነው። አሥርና ሃያ ዓመት ፍተሻ የሚባል ነገር ሲያስተምረን ኖሯል። እግረኛው እጁን ዘርግቶ ይዳበሳል፣ ቦርሳው ይበረበራል። ባለመኪናው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነህ ሻምበል» ይላል፣ ሰንሰለቱ ይወርድለታል። ከዚህ የተማርነው ፍተሻ ለአደጋ ሳይሆን ለማዕረግ መሆኑን ነው። የሚፈተሽ ሰው ታናሽ፣ የማይፈተሽ ታላቅ። ስለዚህ አንዱን ሰው በር ላይ «ቁም» ስትለው የሚሰማው «አደጋ አለ» አይደለም፤ «ናቅኩህ» ነው የሚሰማው። ያ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ክፉ ሆኖ አልነበረም የጮኸው። የገባው እንደዚያ ስለሆነ ነው። አለቃውም ይቅርታ ያስጠየቀው እንደዚያ ስለገባው ነው። እኔም ራሴን የነቀነቅኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስታችንም ትልልቅ ሰዎች ነበርን። ነገሩን በትክክል ያነበበው አንዱ ልጅ ብቻ ነው፤ ይቅርታ የጠየቀውም እሱ ነው።

መመሪያውን ያደነቅኩትን ያህል ልተቸውም እፈልጋለሁ። ለትችቴ መነሻ የሚሆኑኝ ከ2001 በኋላ የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ ዘመኑ ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ነው።

በጥር 2018 በሕንድ ሙምባይ ናይር ሆስፒታል አንድ የ32 ዓመት ሰው የታመመች ዘመዱን ለማስመርመር አጅቦ ሄደ። የበሽተኛዋን የኦክስጅን ሲሊንደር እሱ ተሸከመ። ማሽኑ ጠፍቷል፣ ግባ ተብሎ ነበር ይላሉ ቤተ ዘመዶቹ። ማግኔቱ ሲሊንደሩን ከነእጁ ጎተተው፤ ሞተ። ፖሊስ ሐኪምና ሠራተኛ አሰረ። በጥር 2023 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ አንድ ጠበቃ እናቱን ይዞ ሄደ። ብረት አውልቁ የሚለው ማሳሰቢያ ተነግሮት ፎርም ፈርሟል። ወገቡ ላይ ግን ሽጉጥ ነበረው። ይህኛውስ በእኅቴም አማርኛ ብረት ነው! ማግኔቱ ሽጉጡን ጎተተው፣ ሽጉጡ ተኮሰ፣ ሆዱን መታው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፈ። በሐምሌ 2025 ደግሞ በዚያው በኒውዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ጉልበቷን ተመርምራ ከአልጋው ለመነሣት ባለቤቷን ጠራች። ባለቤቷ የ61 ዓመት ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ለስፖርት የሚያደርገው 9 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሰንሰለት ነበረ። ማሽኑ በሰንሰለቱ ሳበው፤ በማግሥቱ ሞተ። ፖሊስ ሳይፈቀድለት ነው የገባው አለ። ባለቤቱ ግን ራሷ ጠርታው እንደነበር፣ ሰንሰለቱንም ሠራተኞቹ ቀደም ብለው ያዩት እንደነበር ለቴሌቪዥን ተናገረች።

ከመጀመሪያው ሕፃን እስከዚህ ሰው ሃያ አራት ዓመት ነው። መመሪያው ወጥቷል፣ ታድሷል፣ ተተርጉሟል። ያም ሆኖ ያው ግዛት ውስጥ ያው ማግኔት ሰው ገደለ። ለምን? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ መመሪያ ሕግ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሽኑ እንዴት እንደሚመረትና እንደሚሸጥ ይቆጣጠራል እንጂ በየሐኪም ቤቱ በሩን ማን እንደዘጋው ቆሞ አያይም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከሕግ ይልቅ ወደ እኔ ሙያ ይቀርባል፤ ማን ነው የሞተው ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስቱን ሰዎች እንያቸው። አንዱ የዘመዱን ሲሊንደር የተሸከመ፣ አንዱ እናቱን ያጀበ፣ አንዱ ሚስቱን ከአልጋ ሊያነሣ የገባ። በ2001ም ሲሊንደሩን ያቀበለችው ነርስ ሕፃን ትንፋሽ አጠረው ሲባል ሰምታ ነው። ከመካከላቸው በሽተኛ የነበረው ሕፃኑ ብቻ ነው። አንዳቸውም ሊሰርቅ፣ ሊያበላሽ ወይም ሊቀልድ አልገባም። ሁሉም ሊረዱ ነው የገቡት።

እዚህ ላይ ነው ማስታወቂያዎቻችን የሚሳሳቱት። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚናገረው ለግዴለሽ ሰው ነው፤ «መግባት ክልክል ነው»፣ «አደጋ»። ግዴለሽ ሰው ግን እዚያ በር አጠገብ ምን ያደርጋል? የሚገባው የሚወድ ሰው ነው፤ እናቱ ስታቃስት የሰማ፣ ሚስቱ ስሙን የጠራችው። የሚወድ ሰው ደግሞ «ክልክል ነው» የሚለውን ሲያነብ «ለሌላው ነው» ብሎ ያልፋል። ለእሱ መባል ያለበት «ማግኔቱ አሁንም እየሠራ ነው፤ ከገቡ እናትዎን ይጎዳሉ» ነው። እዚያ ሐኪም ቤት በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ነበር። ያንን እንግሊዝኛ ሰውየውም፣ እኔም፣ አለቃውም ማንበብ እንችላለን። ሦስታችንም አላነበብነውም።

መመሪያው አስታማሚን የሚጠራበት ስምም አይመቸኝም። የሠለጠነ ሰው አለ፤ ያልሠለጠነ ሰው አለ። አስታማሚው በ«ያል» ነው የሚታወቀው፤ ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አልተነገረም። በእኛ አገር ግን በሽተኛ ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም። ሦስት ሰው ያጅበዋል። አንዱ ካርድ ያወጣል፣ አንዱ መድኃኒት ይገዛል፣ አንዱ ይደግፈዋል። ማንሣትና ማውረዱም የአስታማሚው ሥራ ነው። ሠራተኛ ስለሚያንስ ሐኪም ቤቱ ራሱ ይህንን ይፈልጋል፤ «አስታማሚ የት አለ? ና አንሣ!» ይላል። በሌላው ክፍል ሁሉ «ና አንሣ» ሲባል የዋለን ሰው እዚህ ክፍል ሲደርስ በድንገት «ቁም!» ቢሉት ቢደነቁር አይፈረድበትም። ስለዚህ መፍትሔው አስታማሚውን ማባረር ሳይሆን ሥራ መስጠት ይመስለኛል። አስቀድሞ ወንበር አሳይቶ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ እናትዎን እኛ ወደ እርስዎ እናመጣቸዋለን፤ ቢጠሩዎት እንኳ እንዳይነሡ» ማለት። በሽተኛዋን ወደ አስታማሚው ማምጣት እንጂ አስታማሚውን ወደ በሽተኛዋ አለመጥራት። መመሪያው ልቡ ለቆመ በሽተኛ ያወጣው ሥርዓት ለሚያቃስቱ እናትም ይሠራል።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ብረት የሚለይ መቆሚያና ለዚህ ክፍል የሚሆን ልዩ ወንበር ዋጋ አላቸው። ግን እኅቴን ያዳናት መሣሪያ አልነበረም፤ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሰውየውንና እናቱን ያዳናቸው የአንድ ልጅ እጅ ነው። በር መዝጋት፣ ቁልፉን በአንድ ሰው አንገት ማንጠልጠል፣ ሁለት ሰው ሥራ ላይ ማዋል፣ ወረቀቱን በሰዉ ቋንቋ መጻፍ፣ ይህ ዶላር አይፈልግም። ማሽኑን ለመግዛት ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ በሩን የሚጠብቅ ደመወዝ ጠፋ ማለት አያሳምንም።

ጥያቄውም የእኛ መሆን አለበት። ከውጭ የመጣ ፎርም መተርጎም ብቻውን አይበቃም። «ብረት አለዎት?» የሚለው ለእኅቴ እንዳልሠራ አይተናል። «በጦርነት ተመትተው ያውቃሉ? ጥይት ወይም ፍንጣሪ ሰውነትዎ ውስጥ ቀርቷል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ስንት ዘማች ነው ፍንጣሪውን እንደ ጠባሳ ረስቶት የሚኖረው! «ብየዳ ሠርተው ያውቃሉ? ዓይንዎ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶ ያውቃል?» መባል አለበት። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲቀጠቅጥና ሲሞርድ ያደገ ሰው ዓይኑ ውስጥ የቀረች ቅንጣት ብትኖር ማግኔቱ ሊያንቀሳቅሳት፣ ዓይኑንም ሊጎዳው ይችላል። ልቡ ላይ የምት ማስተካከያ የተተከለለት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር መቆንጠጫ ያለው ሰው በስሙ መጠየቅ አለበት፤ አንዳንዱ ለማግኔት የሚስማማ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም፤ ይህንን የሚወስነው ደግሞ የመሣሪያው ወረቀት እንጂ የበሽተኛው ግምት አይደለም። አልቦው፣ ክታቡ፣ የአንገት ሰንሰለቱ፣ መቀነቱ ጫፍ ላይ የተቋጠረው ሁሉ በየስሙ መጠራት አለበት። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒትም እንዲሁ፤ አንዳንዱ ውስጡ ብረታ ብረት ስላለው ቆዳ ያቃጥላል። እንዲያውም በዚህ ማሽን በብዛት የሚደርሰው ጉዳት በሚበር ብረት ሳይሆን በቃጠሎ ነው።

ይህንን ሁሉ ስጽፍ አንባቢን ከምርመራው ላስሸሽ አይደለም። ማሽኑ በየዓመቱ በዓለም ዙሪያ ለሚሊዮኖች ይሠራል፤ ሞት እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለ ጨረር የሰውን ውስጥ ማየት ታላቅ ጸጋ ነው። የእኅቴም ሕመም የታወቀው በዚሁ ነው፤ የዲስክ መንሸራተት ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ደህና ናት። እንዲያውም አደጋው ጥቂት መሆኑ ራሱ አንድ አደጋ ነው። ሺህ ጊዜ ምንም ሳይሆን ሲቀር «ምን ይሆናል?» የምትባል ቃል ትለመዳለች። በሩ ለአንድ ደቂቃ ክፍት ይቀራል፣ ጥያቄው በ«የለም፣ የለም» ያልፋል። ከዚያ አንድ ቀን የሆነ ሰው እናቱ ስታቃስት ይሰማል።

በማግሥቱ ውጤት ልንቀበል ስንሄድ ልጁን ፈለግኩት። ተረኛ አልነበረም። ለአለቃው ልነግረው አሰብኩ፤ «ትናንት ይቅርታ ያስጠየቁት ልጅ ምስጋና ነበር የሚገባው» ልለው። ቢሮው በር ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ተመለስኩ። በዚያን ቀን ያልተናገርኩትን እነሆ ዛሬ ጻፍኩት፤ ዘግይቷል።

እኅቴ ግን ከእኔ ቀድማ ተናግራለች። ለካ ያን ዕለት ከማሽኑ ስትወርድ ልጁን «አንተ ልጅ፣ እኔንም ብቆጣ ዝም በለኝ፣ አታስገባኝ» ብላው ኖሯል።